እሺ ብሎ የሄደ ሰው

ኅዳር 24 ቀን

ለተከበሩት የባልደረባዬ ባለቤት፣

እንዴት ሰነበቱ? አማትዎስ እንዴት ከረሙ? ጉልበታቸው እንደሚያስቸግራቸው ሰምቼ ነበር።

የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ከዚያ በፊት ተጻጽፈን ስለማናውቅ ራሴን ላስተዋውቅ። ባለቤትዎ በደብዳቤዎቹ «ባለ ደብተሯ» እያለ የሚያነሳኝ እኔ ነኝ። የአየር ጠባይ አጥኚ ነኝ፤ እሱ ደግሞ መሣሪያዎቼን የሚተክልልኝ፣ ሲሰበሩ የሚጠግንልኝ መካኒክ። መርከባችን በባሕሩ በረዶ ተይዛ፣ ከበረዶው ጋር እየተንሳፈፈች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ባለቤትዎን እዚህ ሁሉም ሰው «ቀስበሉ» እያለ ነው የሚጠራው። በረዶው ላይ የሚሮጥ ሰው ባየ ቁጥር «ቀስ በሉ! ከእግራችሁ ሥር ያለው መሬት አይደለም!» እያለ ስለሚጮህ ነው።

መጀመሪያ «የባሌ ደብዳቤ የት ቀረ?» ብለው ለጠየቁኝ ልመልስ። ፖስታችንን በሚያመላልሰው አውሮፕላን፣ በዚህ በረራ ከእሱ የተላከ ደብዳቤ የለም። መንገድ ላይ ጠፍቶ አይደለም። በዚህ ሰሞን አልጻፈም። ሥራው ወጥሮን ነበር፤ ዝርዝሩን ከዋናው ቢሮ ይሰሙታል። ሹራቡ ደርሶት ነበር። እጅጌው ትንሽ ረዝሞበት ስቆበታል።

ቀጥሎ፣ «ሰው የሚያደርቅ ብርድ ውስጥ ውሃ እንዴት ሳይረጋ ይቀራል? ወይስ ባሌ እያጋነነ ነው?» ብለዋል። አላጋነነም። በረዶውን እንደ ክዳን ያስቡት። ከላይ ያለው አየር ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ነው፤ ከሥር ያለው ባሕር ግን ጨው ስላለበት ከዜሮ በታች ሁለት እንኳ አይሞላም። ለዚያ አየር ባሕሩ የፈላ ድስት ማለት ነው። ነፋስና የውሃው ጉዞ በረዶውን ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱት ይቀደዳል። አንዳንዱ ስንጥቅ እንደ በር ጠባብ ነው፣ አንዳንዱ እንደ አውራ ጎዳና ሰፊ። ያን ጊዜ ባሕሩ ይተነፍሳል። ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይወጣና ደመና ይሆናል፤ ደመናው ደግሞ ተመልሶ በረዶውን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። በብርዱ ወራት ክፍቱ ውሃ ከመቶው አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው፤ የሚያወጣው ሙቀት ግን የቀረውን በረዶ ሁሉ የሚያህልበት ቀን አለ። ሰው አገር ምድሩን በሞላው ነጭ በረዶ ይደነቃል፤ እኛ ግን የምንጠብቀው ቀዳዳዎቹን ነው።

ክፍቱ ውሃ ታዲያ አይቆይም። በሰዓታት ውስጥ ስስ በረዶ ይለብሳል፤ በላዩም ውርጭ እንደ አበባ ይበቅልበታል። ያን ጊዜ ከወፍራሙ ለይቶ ማወቅ... ይቅርታ፣ ስለ ውሃ ሲጠይቁኝ አፌ አይገታም።

በርትተው ይቆዩኝ።

አክባሪዎ፣
ባለ ደብተሯ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለባለ ደብተሯ፣

«እርስዎ» መባባሉን ትቼዋለሁ። ለዋሸኝ ሰው እርስዎ አልልም።

ኅዳር 29 ቀን ከዋናው ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡ። ከስፌት ፋብሪካው መግባቴ ነበር፤ ሜትሬ እንኳ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አንደኛው ቆሞ ቀረ፤ ሌላው ሳይጋበዝ አማቴ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባልሽ ኅዳር 19 ቀን ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ አስከሬኑ አልተገኘም አሉኝ። ከሰሙት በላይ እንዳይናገሩ የታዘዙ ይመስሉ ነበር።

ያንቺ ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ከሁሉ በፊት ቀኑን አየሁት። ኅዳር 24! ባሌ ከሞተ አምስት ቀን አልፎት አንቺ ተቀምጠሽ ስለ እጅጌው ርዝመት ትጽፊልኛለሽ። ስለ ድስት፣ ስለ ክዳን፣ ስለ ብርድ ልብስ። እጅሽ እንዴት ታዘዘልሽ? እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ገና ሳልሰማ ምን ስሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ? ለሚቀጥለው በረራ የሱፍ ካልሲ እየሠራሁለት ነበር።

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ አላመኑም። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። ሰዎቹ ትተውልን የሄዱትን ወረቀት ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። «ያለ ፈቃድ፣ ብቻውን የሥራ ቦታውን ትቶ በመሄዱ ለደረሰበት አደጋ» ይላል። ሦስቴም እዚያች ላይ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።  በማግሥቱ የልጃቸውን ጫማ አውጥተው ቦረሹና በር ሥር አስቀመጡት። በየቀኑ ይቦርሹታል።

እኔን ግን ያቺ «ያለ ፈቃድ» የምትለዋ ቃል እንደ መርፌ ትወጋኛለች። ቢሮው በሥራ ላይ የሞቱ ሰዎችን ስም የሚጽፍበት ግድግዳ አለው። የእሱ አይጻፍም አሉኝ። ሥራ ላይ አልነበረም፣ ወጥቶ ሲንቀዋለል ነው የሞተው ማለታቸው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። «ምን አቅብጦት ወጣ?» ይላሉ፤ እኔ ስደርስ ማሽናቸውን ይረግጣሉ።

እስቲ አሁን እውነቱን ንገሪኝ። የት ሊሄድ ነው የወጣው? ማን አየው? መጨረሻ ላይስ ምን አለ?


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለተከበሩት እህቴ፣

የተናገሩኝ ሁሉ ይገባኛል። ቤተሰብ በቢሮው በኩል ሳይሰማ ማንም ሰው እንዳይጽፍ የጉዞው ኃላፊ አዞን ነበር። ትእዛዝ ነው ብዬ እንዳላመልጥ ግን፣ ትእዛዙ አትጻፉ እንጂ ዋሹ አይልም። አውሮፕላኑ የእሱን ደብዳቤ ሳይዝ ሲመለስ፣ እርስዎ በር ላይ ቆመው ፖስተኛውን ሲጠብቁ ታየኝና ብዕር አነሳሁ፤ ከዚያ እውነቱን መጻፍ አቃተኝ፣ ዝም ማለትም አቃተኝ። ስለ ካልሲው ያነበብኩ ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም።

ለጠየቁኝ ይኸውና። ከመርከቡ ሦስት መቶ ሜትር ርቆ አንድ ስንጥቅ አለ። ዳሩ ላይ እንፋሎትና ሙቀት የሚለካ ሳጥን ተክለን ነበር፤ የተከለው እሱ ነው። ኅዳር 19 ቀን ጠዋት በረዶው መገፋፋት ጀመረ። ሲገፋፋ ድምፁ ብረት ሲታጠፍ ይመስላል፤ ክምር ሠርቶ ያገኘውን ሁሉ ይደቁሳል። ሳጥኑ እንዳይደቀቅ ሊያነሳው ነው የሄደው። በዚህ ወቅት ፀሐይ ስለማትወጣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይም ጨለማ ነው፤ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ ነበር። በሳጥኑ አቅራቢያ ስሱ በረዶ ከዳው። የመርከቡ ሰው ሁሉ ወጥቶ ፈለገው፤ ሁለት ሰዎች ጣታቸው በብርድ ተጎድቷል። አላገኘነውም።

ሲገባ ያየው ሰው የለም። የመጨረሻ ድምፁን በሬዲዮ የሰማሁት እኔ ነኝ። «እሺ» ነው ያለው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ወረቀቱ ላይ ስላለው ቃል ኃላፊውን ቢጠይቁት ይሻላል። እኔ የማውቀው መሣሪያውን ነው።

ለአማትዎ ሰላምታዬን ማቅረብ እንኳ ከበደኝ።

ባለ ደብተሯ


ጥር 4 ቀን

ለባለ ደብተሯ፣

ደብዳቤሽን በምሳ እረፍት ጀምሬ ማሽኖቹ ከተነሱ በኋላ ጨረስኩት። ሃምሳ ማሽን ሲጮህ ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅበትም፤ ለዚህ ጥሩ ነው።

እኔ የሆስፒታል ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው፤ ስለ እንፋሎት ብትሸውጂኝ አላውቅም። የተተረተረ ልብስ ሲመጣልኝ ግን ስፌቱ ከየት መፈታት እንደጀመረ ማየት ሥራዬ ነው። ደብዳቤሽን እንደ ልብስ ገልብጬ አየሁት።

አንቺ «እሺ» አለ ትያለሽ። ወረቀቱ «ያለ ፈቃድ» ይላል። ያለ ፈቃድ የሄደ ሰው ለማን ነው እሺ የሚለው? እሺ የሚል የታዘዘ ሰው ነው። ከባሌ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። እሺ የምትለዋን ቃል ለማንም በቀላሉ አይሰጥም። ቆሻሻውን ድፋልኝ ስለው እንኳ «እናያለን» ነበር መልሱ። አንድ ሰው ያልወደደውን ነገር አስገድዶ ካላሠራው በቀር እሺ ብሎ ዝም አይልም።

ሌላም አለ። በመስከረም የጻፈልኝን አውጥቼ አነበብኩት። «አትስጊ፤ እዚህ ሰው ብቻውን አይወጣም። ሁለት ሆነን በገመድ ተያይዘን ነው። አንዱ ቢገባ ሌላው ይጎትተዋል። የኔ ጓደኛ ባለ ደብተሯ ናት፤ ቀጭን ናት ግን እንደ በሬ ትጎትታለች» ይላል። እዚያ ላይ ቀንቼ እንደነበር ልንገርሽ። አሁን የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ያን ዕለት የገመዱን ሌላ ጫፍ ማን ይዞት ነበር?

ኃላፊውን ጠይቂ ላልሽው ጠይቄዋለሁ። «በሐዘንዎ እናዝናለን» የሚል አንድ መስመር ተኩል ላከልኝ። አንቺ ግን ሁለት ገጽ ትጽፊያለሽ። ሁለት ገጽ የሚጽፍ ሰው የሚደብቀው አለው።

እህትሽ አይደለሁም። እህቴ አትበዪኝ።


ጥር 16 ቀን

ለተከበሩት የባልደረባዬ ባለቤት፣

ይህን አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

የገመዱን ሌላ ጫፍ ማንም አልያዘውም። መያዝ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ገመዱ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እኔም ገመዱም መርከቡ ውስጥ ነበርን።

ምክንያቱን ልንገርዎ፤ ማመካኛ እንዳይመስልዎ። ስንጥቅ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ ብዙ ሰው ለክቷል። እኔ የምፈልገው ሲዘጋ የሚሆነውን ነበር። ስስ በረዶ ሲሸፍነው እንፋሎቱ ቀጥ ይላል፤ ሙቀቱ ግን በስሱ በረዶ ውስጥ እያለፈ መውጣቱን አያቆምም። እንፋሎት ሲጠፋ ደመናው ይሳሳል፤ ደመናው ሲሳሳ በረዶው ብርድ ልብሱን ያጣል። ይህን ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ ስንጥቅ ላይ መመዝገብ ነበር ምኞቴ። ስልሳ ሦስት ቀን ሳይቋረጥ ተመዝግቦልኝ ነበር። ከዚያ በላይ ምንም አይታየኝም ነበር።

ሕጋችን በየዕለቱ ጠዋት በረዶውን ሰርስራችሁ ውፍረቱን ለኩ ይላል። የለካሁት በዋዜማው ነው፤ አሥራ አራት ሴንቲሜትር ነበር፣ ሰው ይሸከማል። ስንጥቁ ከዚያ በኋላ እንደገና ተከፍቶ፣ እንደገና ሦስት ጣት የማይሞላ ነገር ለብሶ ነበር። ውርጩ ሁሉንም አንድ አስመስሎታል። በጠዋት አልለካሁም።

ለብሼ ልወጣ ስል የሳጥኑን ልኬት የሚያሳየውን ስክሪን አየሁት። የእንፋሎቱ መስመር እየወረደ ነው፤ ስልሳ ሦስት ቀን የጠበቅሁት። እሱ ውጭ ቆሞ በሬዲዮ «የት ቀረሽ? እግሬ ደነዘዘ እኮ!» አለኝ። «አምስት ደቂቃ» አልኩት። አምስቱ አሥራ አምስት ሆነ። በረዶው መጮኹን ቀጠለ። «ገመዱን አምጪውና እንሂድ፣ አለዚያ ሳጥኑ አለቀለት» አለኝ። ቀጥሎ ያልኩትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ «በረዶው ትናንት ወፍራም ነበር፤ አንተ ቀጥል፣ እደርስብሃለሁ።» «እሺ» አለ።

አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ፣ ወርዶ የነበረው መስመር ባንዴ ወደ ላይ ዘለለ። ውሃ ሲከፈት እንዲህ ያደርጋል። እኔ ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ «ተከፈተ!» ብዬ በእጄ ጠረጴዛውን መታሁ። በደስታ ነው። ያ መስመር እሱ መሆኑ የገባኝ ስጠራው ዝም ሲለኝ ነው።

ስደርስ የግንባሩ መብራት ከስሱ በረዶ ሥር ይታይ ነበር። ውሃው ወደ ወፍራሙ ይዞት ሲሄድ አየሁት። በእጄ ደበደብኩት። በረዶው አልተሰበረም፤ እዚያ ጋ ወፍራም ነበር።

ኃላፊው ሲጠይቀኝ «ሳይነግረኝ ሄደ» አልኩ። ሬዲዮው ድምፅ አይቀዳም። «ያለ ፈቃድ» የሚለውን የጻፈው ኃላፊው ነው፤ ምስክር ብዬ ከሥሩ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ባለ ደብተሯ


ጥር 28 ቀን

አነበብኩት። የምሰድብሽ ስድብ ፈልጌ አጣሁ፤ ከስድብ በላይ ነው።

ለእኔ ብቻ የጻፍሽው ከሆነ ሸክምሽን እኔ ጀርባ ላይ አወረድሽው እንጂ ምንም አላደረግሽም። እኔ ንስሐ አባትሽ አይደለሁም። ለቢሮው ጻፊ። ያልሽውን፣ ያልለካሽውን፣ የፈረምሽውን፣ ከነስምሽ። ግልባጩን ላኪልኝ። እስከዚያ አትጻፊልኝ። ግልባጩ ውስጥም ሆነ ውጭ «ይቅርታ» የሚል ቃል እንዳላይ።


የካቲት 15 ቀን

ለተከበሩት የባልደረባዬ ባለቤት፣

ግልባጩ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ስድስት ገጽ ነው። ዋናው በአውሮፕላኑ ወደ ቢሮው ሄዷል።

ከመላኬ በፊት ለኃላፊው አስነበብኩት። በሩን ዘጋና «የሞተ አይነሳ። አንቺ ግን ገና ብዙ ሥራ አለሽ። ምን አነሳሳሽ?» አለኝ። «ሚስቱ» አልኩት። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። መሣሪያዎቹን ለሌላ ሰው አስረክቤያለሁ። መዝገቡን ሲያስረክቡ ስለ እያንዳንዱ እንግዳ ነገር ማስታወሻ ይጻፋል፤ ኅዳር 19፣ አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት አጠገብ «በዚህ ሰዓት በረዶውን የከፈተው ሰው ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። አዲሱ ሰው ይሰረዝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ይቆይ አልኩት።

መመገቢያ ክፍል ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ወጥ ቤቱ ሳህኔን ሞልቶ ያቀብለኛል፤ ቀና ብሎ ግን አያየኝም። እሱና ባለቤትዎ ዳማ የሚጫወቱ ነበሩ።

ተገኘ ወይ ብለው ላልጠየቁኝ፣ ግን እንደሚያስቡት ለማውቀው፤ አልተገኘም። ፀሐይ ባለፈው ሳምንት መውጣት ጀምራለች። በብርሃን ሲታዩ ስንጥቆቹ ጥቁር ናቸው፤ ነጩ በረዶ ፀሐይዋን ይመልሳታል፣ ጥቁሩ ውሃ ይውጣታል። በየቀኑ ወጥቼ በዳር በዳሩ እሄዳለሁ፤ አሁን ታስሬ ነው፣ ጫፉን የሚይዝልኝ የመርከቡ ሐኪም ነው። በረዶው ግን ከኅዳር ወዲህ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተንሳፍፏል። እሱ የቀረበት ቦታና እኛ ያለንበት አንድ አይደሉም።

በመጋቢት መጀመሪያ አውሮፕላን ይወስደኛል። መጥቼ ፊት ለፊት ልቆም እችላለሁ? አትምጪ ካሉኝ አልመጣም።

ባለ ደብተሯ


መጋቢት 11 ቀን

ለባለ ደብተሯ፣

ወረቀቱ ታርሞ መጣ። አሁን «በታዘዘበት ሥራ ላይ ሳለ» ይላል። ስሙንም ግድግዳው ላይ ጽፈውታል። ከፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ ሄጄ አየሁት። ከሌሎቹ ስሞች ይልቅ አዲስ ስለሆነ ያብረቀርቃል። የጥበቃው ሰው ወንበር አምጥቶልኝ ሲያበቃ «ዘመድ ነዎት?» አለኝ። ባሌ ነው አልኩት፤ ቆቡን አወለቀ።

እሰይ ያልኩ መስሎሽ ይሆናል። ቀጥሎ የሆነውን ስሚ።

ቤት ገብቼ ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «ታዞ ነው የሄደው?» አሉ። «አዎ አባባ፣ ታዞ ነው። ሥራ ላይ ነበር። ስሙ ጠራ» አልኳቸው፤ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «እንግዲያው ልጄ ሞቷል» አሉ።

ለካ ሦስት ወር ሙሉ እኔን ያቃጠለችኝ ቃል እሳቸውን አቁማቸው ኖሯል። በሹፌርነት ዘመናቸው አንድ ባልንጀራ ነበራቸው። መኪናውን ከነጭነቱ መንገድ ዳር አቁሞ ለማንም ሳይናገር ጠፋ። ተለቀሰለት። በሰባተኛው ዓመት ጢሙን አስረዝሞ በእግሩ ከች አለ። «ያለ ፈቃድ የሄደ ሰው አንድ ነገር አስቦ ነው የሚሄደው፤ ሲያልፍለት ይመለሳል። ልጄም አንድ ነገር አስቦ ነው ብዬ ነበር» አሉኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። እኔ አልቅሼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ እንደገና ጀመርኩ። ጫማውን ከበር ሥር አንስተው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ እህል ብዙም አይቀምሱም። ከአልጋ ለመነሳት እኔን ይጠራሉ፤ ድሮ አይጠሩም ነበር።

ማሳረሜ አይጸጽተኝም። በውሸት ስሙ ተበላሽቶ እንዲኖር አልፈቅድም ነበር፤ አሁንም አልፈቅድም። ግን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ። አንቺ ብቻሽን የተሸከምሽ እንዳይመስልሽ ነው የምነግርሽ እንጂ ልራራልሽ አይደለም።

ልምጣ ወይ ላልሽው፤ እኔ ላይሽ አልፈልግም። ዛሬም፣ ወደፊትም የምፈልግ አይመስለኝም። አማቴ ግን ትናንት «ያች እሱን የላከችው ልጅ በሕይወት አለች?» አሉኝ። «አለች» አልኳቸው። «ትምጣና ትንገረኝ» አሉ። ሁሉንም አንብቤልዎታለሁ እኮ ብላቸው «ከወረቀት አይደለም፣ ከአፏ ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ማክሰኞ ነይ። እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፋብሪካ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል ሁለተኛው በር ነው። ቁልፉ ፊት ለፊት ካለችው ጎረቤት ዘንድ አለ፤ ትሰጥሻለች፣ ማን ነሽ ብላ አትጠይቅሽም። በግራ ጆሯቸው አይሰሙም፤ በቀኛቸው ተቀምጠሽ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ከበረዶው ሥር ስላየሽው መብራት ካልጠየቁሽ አትንገሪያቸው። ከጠየቁሽ ግን እንዳትዋሺ። ካለቀሱ አታባብያቸው፣ ውሃ ስጪያቸው፤ ብርጭቆው ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ ላይ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውጪ። ቁልፉን ለጎረቤቷ መልሺላት።